«ቆንጆ ነው» አይበቃም፦ ጥቁርና ነጭ የከተማ ፎቶ በገንቢ ሂስ እንዴት ይሻሻላል?

አንድ ሰው ካሜራውን ይዞ ከተማ ይወጣል። ጠዋት ነው። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ በሕንፃዎቹ መሃል ታልፋለች። አንዲት ሴት ከጥላው ወጥታ ወደ ብርሃኑ ስትራመድ ያያታል፤ ያነሳታል። ቤቱ ሲገባ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ያደርገውና ለሰዎች ያሳያል። አንዱ «ቆንጆ ነው» ይለዋል። ሌላው «እኔን አልሳበኝም» ይላል። ሦስተኛው ላይክ አድርጎ ያልፋል።

ሦስቱም ክፉ አላሰቡም። ግን ሰውየው ነገ ካሜራውን ይዞ ሲወጣ ምን መለወጥ እንዳለበት አንዳቸውም አልነገሩትም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለጎደለው ነገር ነው።

ለመሆኑ ገንቢ ሂስ ምንድን ነው?

«ሂስ» ሲባል ብዙ ሰው ወቀሳ ይመስለዋል። ስለዚህ ወይ ይሸሸዋል፣ ወይ ሰው ላለማስከፋት ብሎ ሙገሳ ብቻ ይሰጣል። ገንቢ ሂስ ከሁለቱም ይለያል። ሐኪም ቤት የምትሄዱበትን ቀን አስቡ። ሐኪሙ «ታማችኋል» ብሎ ብቻ አይሸኛችሁም። የት እንደሚያማችሁ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ምክንያቱን ይፈልጋል፣ ከዚያ የሚሞከር ነገር ያዛል።

የፎቶ ሂስም እንደዚያው ነው። ዓይኔ ምን አየ? ለምን እንደዚያ ሆነ? ምን ቢሞከር ይሻላል? ከሦስቱ የመጀመሪያው ይበልጣል ባይ ነኝ። «ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ጥግ ላይ ወዳለው ነጭ መኪና ነው፤ ሴትዮዋን ያየኋት ቆይቼ ነው» የሚል አስተያየት ውስጥ ስድብም ሙገሳም የለም። መረጃ ነው። ፎቶ አንሺው ደግሞ ይህን መረጃ ብቻውን ሊያገኘው አይችልም፤ ቦታው ላይ ነበርና። የሴትዮዋን የጫማ ድምፅ ሰምቷል። ብርሃኑ እስኪመጣ ምን ያህል እንደቆመ ያውቃል። ፎቶውን ባየ ቁጥር ያ ሁሉ አብሮ ይመጣበታል። ተመልካቹ ያለው ግን አራት ማዕዘኑ ብቻ ነው።

አስተያየት ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። አቭራሃም ክሉገር እና አንጄሎ ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1996 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ንጽጽሮችን መረመሩ። በፎቶ ላይ ብቻ ሳይሆን በልዩ ልዩ ሥራ ላይ ማለት ነው። በአማካይ አስተያየት የሰዎችን ሥራ አሻሽሏል። ከሲሶ በሚበልጠው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሰዎቹ አስተያየት ካገኙ በኋላ ሥራቸው ባሰበት። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል። አስተያየቱ ትኩረትን ከሥራው አንስቶ ወደ ሰውየው ማንነት በወሰደው ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። «አንተ ዓይን የለህም» ሰውየውን ይነካል። «የግራው ጠርዝ ከብዷል» ሥራውን ይነካል። «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ»ም ቢሆን የሚናገረው ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ፎቶው አይደለም።

ቀለሙ ሲጠፋ ምን ይቀራል?

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ሂስ ለመስጠትም ለመቀበልም አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ቀለሙ ሲወጣ ነገሮች እርስ በርስ የሚለያዩበት መንገድ ይቀየራል። ቀይ ጃኬት የለበሰ ሰው አረንጓዴ በር ፊት ቢቆም፣ ባለቀለም ፎቶ ላይ ወዲያው ይታያል። የሁለቱ ቀለሞች ብሩህነት ተቀራራቢ ከሆነ ግን ጥቁርና ነጭ ሲሆኑ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ሰውየው በሩ ውስጥ ይሰምጣል።

በጀማሪዎች ፎቶ ላይ ደጋግሜ የማየው ችግር ይህ ነው። አንሺው ጃኬቱን በልቡ አሁንም ቀይ አድርጎ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሰውየው የጠፋ አይመስለውም። ሌላ ዓይን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

መፍትሔ አለው። ቀለም ወደ ግራጫ የሚለወጥበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ከቴሌቪዥን የመጣና እስካሁን የሚሠራበት አንድ ቀመር አለ። ብሩህነትን ሲያሰላ ከመቶ 59 እጁን ከአረንጓዴ፣ 30ውን ከቀይ፣ 11ዱን ከሰማያዊ ይወስዳል። የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ይበልጥ ንቁ ስለሆነ ነው። ይህን ድርሻ ግን መቀየር ይቻላል። የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌሮች ለየቀለሙ የሚጎተት መቆጣጠሪያ አላቸው። ቀዩን ከፍ ስታደርጉት ጃኬቱ ይነጣል። አረንጓዴውን ዝቅ ስታደርጉት በሩ ይጠቁራል። ሰውየው ከበሩ ይለያል። በፊልም ዘመን ይህን ሥራ የሚሠራው ሌንሱ ላይ የሚገጠም ባለቀለም ፊልተር ነበር። ቀይ ፊልተር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚይዘው ሰማዩ ይጠቁራል፣ ደመናው ቦግ ብሎ ይወጣል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ቀለሙ ከመጀመሪያው ካለ ነው። ካሜራውን ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጋችሁ በጄፔግ (JPEG፣ በተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል) ብቻ ካነሳችሁ የቀለሙ መረጃ ተጥሏል፤ አይመለስም። ራው (RAW) በሚባለው፣ ካሜራው የመዘገበውን መረጃ ሳይጥል በሚያስቀምጠው ፋይል ካነሳችሁ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ እያያችሁ ቀለሙ ከውስጥ ይቀመጥላችኋል። ምርጫ ካላችሁ ይህንን ያዙ። አለበለዚያ «ሰውየው ጠፍቶብኛል» የሚል ጥሩ ሂስ ስታገኙ ማስተካከያ መንገዱ ጠቧችሁ ትቀራላችሁ።

«ፎቶው ፈዟል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

አንሴል አዳምስ እና ፍሬድ አርቸር የተባሉ አሜሪካውያን ፎቶ አንሺዎች በ1940 ገደማ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን በ11 ደረጃ የሚከፍል ዘዴ አወጡ። 0 ድፍን ጥቁር ነው። 10 የወረቀቱ ንጣት ራሱ ነው። መሃሉ ላይ ያለው 5 መካከለኛው ግራጫ ነው፤ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ። እንደ ፎቅ መሰላል አስቡት። ፈዛዛ ፎቶ ማለት ከ4ኛው እስከ 7ኛው ደረጃ ብቻ የሚመላለስ ነው። ታች አይወርድም፣ ላይ አይወጣም። አስፋልቱ፣ ግድግዳው፣ ሰዉ፣ ሰማዩ ሁሉም አመድ የነሰነሱበት ይመስላል።

ሂስቶግራም የሚባለው ግራፍ ይህንኑ በቁጥር ያሳያል፤ በየብሩህነቱ ደረጃ ምን ያህል የምስሉ ክፍል እንዳለ። በተለመደው ዲጂታል ምስል ላይ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። ግራፉ መሃል ላይ ተከማችቶ ሁለቱ ጫፎች ባዶ ከሆኑ ፎቶው መፍዘዙን ሌላ ሰው ሳይነግራችሁም ታውቃላችሁ።

ግን ሁለቱን ጫፍ መንካት ሕግ አይደለም። ጭጋግ የዋጠው ድልድይ ላይ በግድ ድፍን ጥቁር ብታስገቡበት ጭጋጉ ይገፈፋል፤ ፎቶው የተነሳበት ምክንያትም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ጥሩ ሂስ ሰጪ «ጥቁር ይጎድለዋል» ከማለቱ በፊት «ምን ዓይነት ስሜት ፈልገህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ተቃራኒውም ችግር አለ። ፈዛዛነቱን የፈራ ሰው ኮንትራስቱን፣ ማለትም በጥቁሩና በነጩ መካከል ያለውን ልዩነት፣ እስከ መጨረሻው ይጎትተዋል። ጥላ ውስጥ የነበሩት በሮችና ፊቶች በጥቁር ይደፈናሉ። ሰማዩ ባዶ ወረቀት ይሆናል። በሕንፃዎቹ ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ እንደ አክሊል የመሰለ ነጭ ጭረት ይወጣል። ሰማይና ሕንፃ የሚገናኙበትን መስመር አጉልታችሁ እዩት። ያ ጭረት ካለ ማስተካከያው በዝቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የምወደው ነገር አለ። ዓይናችን ግራጫን የሚለካው ከጎኑ ካለው ጋር እያነጻጸረ ነው። ኤድዋርድ አደልሰን የተባለ የእይታ ሳይንቲስት በ1995 የዳማ ሰሌዳ የሚመስል ሥዕል ሠራ። ሰሌዳው ላይ የአንድ ዕቃ ጥላ አርፎበታል። ከጥላው ውጭ ያለው ጥቁር ካሬና ጥላው ውስጥ ያለው ነጭ ካሬ በትክክል አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። ማንም ሲያየው አያምንም። ሁለቱን ቆርጦ ጎን ለጎን ሲያደርጋቸው ብቻ ነው የሚያምነው።

ለሂስ ይህ ምን ያደርጋል? «ግድግዳው በጣም በርቷል» የተባለው ግድግዳ ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል። ዙሪያው ስለጠቆረ ሊሆን ይችላል የበራ የመሰለው። ግድግዳውን ከማጥቆር ይልቅ ዙሪያውን ትንሽ ማንሳት ይበቃ ይሆናል። ተመልካቹ የተሰማውን በትክክል ተናግሯል፤ ምክንያቱን ግን መርምሮ ማግኘት የእናንተ ሥራ ነው።

ከብርሃን ሌላስ ምን ይታያል?

ጠርዞቹ መጀመሪያ። ከተማ ውስጥ ያልተጠራ ነገር ሁልጊዜ ይገባል፦ ግማሽ መኪና፣ የተቆረጠ ክንድ፣ ከሰው ጭንቅላት የበቀለ የሚመስል የመብራት ምሰሶ። ጥቁርና ነጭ ላይ ደግሞ ዓይን ወደ በራው ነገር ይሮጣል። ጥግ ላይ የተጣለ ነጭ ላስቲክ ዋናውን ሰው ሊነጥቀው ይችላል።

ያዘመሙ ሕንፃዎችም አሉ። ካሜራው ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ቋሚ መስመሮቹ ወደ ላይ እየተቀራረቡ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ራቅ ብሎ መቆም ወይም በኋላ በሶፍትዌር ማቃናት ይቻላል። በደንብ ያዘመመ ፎቶ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብለን እንቀበለዋለን። በትንሹ ያዘመመ ግን ስህተት ነው የሚመስለው።

ከዚያ ሰው አለ። በ1838 ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ሉዊ ዳጌር የፓሪስን ቡሌቫርድ ዱ ታምፕል ጎዳና ከላይ ሆኖ አነሳ። ቦታው ሰውና ሠረገላ የሚርመሰመስበት ነበር። ምስሉ እስኪቀረጽ ግን ደቂቃዎች ስለፈጀ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጠፋ። የቀረው ጫማውን ሊያስጠርግ ቆም ያለ አንድ ሰው ነው፤ ከነጠራጊው። በፎቶ ላይ በመታየት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ናቸው ተብለው የሚነሱት እነሱ ናቸው። ያን ፎቶ ስታዩ ዓይናችሁ ያን ሁሉ ሕንፃ ትቶ እነዚያን ሁለት ትንንሽ ጥላዎች ይፈልጋል። ሂስ ስትሰጡ ይህን ጠይቁ፦ ሰውየውን በጣታችሁ ብትሸፍኑት ፎቶው ምን ያጣል? ምንም ካላጣ ሰውየው ገና ቦታውን አላገኘም።

ክሮፕ ስለማድረግም፣ ማለትም የፎቶውን ጠርዝ ቆርጦ ስለማስቀረት፣ ልጨምር። ብዙ ሰው እንደ ሽንፈት ያየዋል። ፎቶዎቹን ባለመቁረጥ የሚታወቀው ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እንኳ በ1932 ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሳውን፣ በውኃ ላይ የሚዘለውን ሰው ፎቶ ቆርጦታል። በአጥር ቀዳዳ በኩል ስላነሳው አጥሩ በአንድ በኩል ገብቶበት ነበር። ቆረጠው፣ አበቃ።

ታዲያ ሂሱ እንዴት ይሰጣል?

ሊዝ ለርማን የተባለች አሜሪካዊት የዳንስ ባለሙያ በ1990 ያዘጋጀችው አካሄድ ለፎቶም ይሠራል። አራት እርከን አለው። መጀመሪያ ተመልካቾቹ ከሥራው ውስጥ የያዛቸውን፣ ትርጉም የሰጣቸውን ነገር ይናገራሉ። ቀጥሎ ሥራውን የሠራው ሰው ራሱ ይጠይቃል። ከዚያ ተመልካቾቹ ፍርድ ያላዘለ ጥያቄ ይጠይቃሉ። አስተያየት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ባለሥራው ፈቃደኛ ሲሆን።

ከአራቱ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። «ለምን እንዲህ አጨለምከው?» ጥያቄ ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው። «ጥላው ውስጥ ምን እንዲታይ ፈለግክ?» ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሰውየው ሲመልስ ራሱ ችግሩ ላይ ይደርሳል፤ «ውይ፣ በሩ ላይ የቆመውን ልጅ ነበር» ይላል። ልጁ ደግሞ አይታይም። ከዚህ በኋላ የሚጨመር ብዙ የለም።

አንድ ፎቶ በሐሳባችን እንሥራና እንሞክረው። ማታ ነው፣ ዝናብ አባርቷል። ጃንጥላ የያዘ ሰው መንገድ ያቋርጣል። አስፋልቱ ላይ የሱቅ መብራቶች ያንጸባርቃሉ። ጃንጥላው ጥቁር ነው፣ ከጀርባው ያለው ሕንፃም ጥቁር ነው።

የተለመደው አስተያየት «ኮንትራስቱ አልተመቸኝም፣ ክሮፕ ብታደርገው ይሻላል» ይላል። የቱ ኮንትራስት? ከየት በኩል ይቆረጥ? ተቀባዩ ቤቱ ገብቶ የሚገምተው እሱ ነው።

ገንቢው ደግሞ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «መጀመሪያ ያየሁት አስፋልቱ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ነው። እርጥበቱ ተሰምቶኛል፣ ይህን አትንካው። ከነጸብራቁ ተነስቼ ወደ ሰውየው ስሄድ ግን ጭንቅላቱ ጋ ስደርስ ጠፋኝ፤ ጃንጥላውና ሕንፃው አንድ ሆነዋል። ትንሽ ዝቅ ብለህ ብታነሳው ጃንጥላው ከሕንፃው ወጥቶ ሰማዩ ላይ ያርፍ ነበር ብዬ አሰብኩ። ለአሁኑ ፎቶ ደግሞ ከጃንጥላው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ብቻ በትንሹ አብርተህ ሞክር። በስተቀኝ ያለው የትራፊክ ምልክት ግን አልገባኝም፤ ፈልገኸው ነው?»

ይህ አስተያየት ዓይን የተጓዘበትን መንገድ ይነግራል። የተሳካውን ስም ይጠራል፤ ሰውየው ሲያስተካክል አብሮ እንዳያጠፋው። ለነገም ለዛሬም የሚሠራ ነገር ይሰጣል። ያልገባውን ደግሞ ስህተት ነው ሳይል ይጠይቃል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ተቀባዩስ ምን ያድርግ?

ዝም ይበል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ሰው ስለ ፎቶአችን ሲናገር «አይ፣ እሱማ እኮ የዚያን ቀን...» ማለት ያምረናል። ግን ማብራሪያው ከፎቶው ጋር አይሄድም። ማብራሪያውን ከሰማ በኋላ ደግሞ ተመልካቹ ንጹሕ ዓይኑን አጥቷል። ስለዚህ ሰዎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ ጻፉ፣ አትመልሱ።

ከዚያ የጻፋችሁትን ለሁለት ክፈሉት። ተመልካች የት ጋ እንደተደናቀፈ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ እግሩን የመታው እሱ ነውና። እንዴት ይስተካከል ሲል ግን ሊሳሳት ይችላል። ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ጥግ ሦስት የተለያየ መፍትሔ ከሰጧችሁ፣ መፍትሔዎቹን ትታችሁ ጥጉን ያዙ። እዚያ ችግር አለ።

ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ቅጂ ላይ ሞክሩ። ፎቶውን በጣት ጥፍር ልክ አሳንሳችሁ እዩት፤ በዚያ መጠን የሚቀረው ትልልቁ የጥቁርና የነጭ ቅርጽ ብቻ ነው። ገልብጣችሁም እዩት። ሲገለበጥ ሰውና ሱቅ መሆኑ ይረሳል፣ ከባድና ቀላል የሆነው ጎን ይታያል።

ሁሉንም ሂስ መቀበል አለብኝ?

የለባችሁም። አንዳንዱ ሂስ ሳይሆን ምርጫ ነው። ቻይናዊው ፎቶ አንሺ ፋን ሆ በ1954 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ያነሳው፣ በግድግዳ ሥር የቆመች ወጣት ያለችበት ዝነኛ ፎቶ ላይ የሚታየው ሰያፍ ጥላ ፎቶ በሚታተምበት ጨለማ ክፍል ውስጥ የተጨመረ ነው። አንዱ «ይህ ማጭበርበር ነው» ይላል፣ ሌላው ያደንቀዋል። መልሱ ፎቶው ምን ነኝ ብሎ እንደቀረበ ይወሰናል። ለዜና የቀረበ ፎቶ ላይ ያልነበረ ጥላ መጨመር አይፈቀድም። እንደ ሥነ ጥበብ የቀረበ ከሆነ ግን የአንሺው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ሂስ ከመጠየቃችሁ በፊት ፎቶው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ግማሹ ክርክር እዚያው ይቀራል።

አንዳንዱ ፎቶ ደግሞ በማስተካከል አይድንም። ፎቶ አንሺው ሮበርት ፍራንክ በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካን ዞሮ ከ27,000 በላይ ምስሎች አነሳ። በ1958 ፓሪስ ውስጥ በታተመው መጽሐፉ የገቡት 83 ናቸው። መተውም የሂስ ውጤት ነው፤ ሊያስከፋን አይገባም።

ፎቶውን ካስተካከላችሁ በኋላ ለማን ታሳያላችሁ?

ያው ሰው ጋ መመለስ ያምራል። እሱ ግን ችግሩ የት እንደነበር ስለሚያውቅ ዓይኑ ቀጥታ እዚያው ይሄዳል። የመጀመሪያውን ቅጂ ፈጽሞ ላላየ ሰው አሳዩ። «ተሻሽሏል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ከምን ጋር ያነጻጽረዋል? ለአምስት ሰከንድ አሳዩትና ሸፍኑት። ከዚያ «መጀመሪያ ምን አየህ?» በሉት። መልሱ «አንዲት ሴት፣ ከጥላ ስትወጣ» ከሆነ ነጩ መኪና ሄዷል ማለት ነው። አሁን ፎቶውን አስቀምጡትና ለሚቀጥለው ውጡ።